ከቤተሰብ ርቃችሁ የምታሳልፉት የመጀመሪያው ገና፦ ለአዲስ ተጋቢዎች ከኅዳር እስከ ጥር

ዘንድሮ ተጋብታችሁ ገናን ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለታችሁ ብቻ አሜሪካ ውስጥ ልታሳልፉት ከሆነ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢን፣ ሲልቨር ስፕሪንግንና አሌክሳንድሪያን እያሰብኩ ነው የምጽፈው። ሌላ ከተማ ወይም ሌላ አገር ያላችሁም ሰዓቱን እያስተካከላችሁ ተጠቀሙበት።

አቋሜን ከመጀመሪያው ልናገር። የእናቶቻችሁን ቤት በዓል እዚህ ለመድገም አትሞክሩ። እዚያ እናት፣ አክስት፣ እህት፣ ጎረቤት ተረባርበው የሚያደርሱትን ድግስ ከሥራ ደክሟችሁ የምትገቡ ሁለት ሰዎች አትችሉትም። ከሞከራችሁ በዓሉ በድካምና በጭቅጭቅ ያልቃል። ይልቅ አንድ ወጥ አብራችሁ ሥሩ፣ ስልኩን በሥርዓቱ ደውሉ፣ ቤታችሁ ቢያንስ አንድ ሰው ጥሩ። እነዚህን አሳምሩ፤ ሌላው ቢጎድልም ገናው ገና ነው።

1. ዕረፍቱን ቀድማችሁ ጠይቁ

ሌላው ሁሉ የሚቆመው በዚህ ላይ ነው። ዲሴምበር 25 ሁሉም ቤቱ ነው፣ የእኛ ጃንዋሪ 7 ግን እዚህ እንደማንኛውም የሥራ ቀን ነው። ስለዚህ ከኖቬምበር መጀመሪያ ጀምራችሁ የጃንዋሪ 6ን ማታና የጃንዋሪ 7ን ሙሉ ቀን ኦፍ ጠይቁ። ሁለታችሁም። አንዱ ቤት ሆኖ ሌላው ሥራ ከሆነ የመጀመሪያው ገና በቴክስት ነው የሚከበረው።

ጥሩ መደራደሪያ አላችሁ። ሆስፒታልም ሆነ ሆቴል ወይም ፓርኪንግ የምትሠሩ ከሆነ ዲሴምበር 25 የሚሠራ ሰው እንደሚቸግር ታውቃላችሁ። «የ25ቱን ፈረቃ እኔ እገባለሁ፣ 7ን ስጡኝ» በሉ። ብዙ ቦታ የዚያን ቀን ክፍያው ከፍ ስለሚል ለድግሱም ይረዳል። አለቃችሁ ካንገራገረ ደግሞ የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው አሠሪ፣ ሥራው ላይ ከባድ ጫና ካልፈጠረበት በቀር፣ የሠራተኛውን ሃይማኖታዊ በዓል እንዲያስተናግድ ያስገድደዋል። ጥያቄውን በጽሑፍ አድርጉት። ጠብ አያስፈልግም፤ አንድ አጭር ኢሜይል ይበቃል።

ቀኑን በሀበሻ ቆጥራችሁ የምትሄዱ ከሆነ አንድ ነገር አስታውሱ። ገና ብዙውን ጊዜ ታኅሣሥ 29 ነው፤ በዘመነ ዮሐንስ ግን ታኅሣሥ 28 ይውላል። ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነች በኋላ የሚመጣው ዓመት ማለት ነው። በፈረንጁ ግን ያው ጃንዋሪ 7 ነው።

2. «በእናንተ ቤት ገና እንዴት ነበር?» ተባባሉ

ተጋብታችኋል እንጂ ያደጋችሁት አንድ ቤት አይደለም። አንዱ ቤት በግ ሳይታረድ ገና አይባልም፣ ሌላው ቤት ዶሮ ከተሠራ ያበቃል። አንዱ ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለሰ ሌሊቱን ይፈስካል፣ ሌላው ተኝቶ ጠዋት ይበላል። የአንዱ እናት ወጡ ላይ ቅቤ ያበዛሉ፣ የሌላው አባት ቅቤ አይወዱም። ይህ ሁሉ የሚወጣው በበዓሉ ሌሊት፣ ሁለታችሁም ርቧችሁና እንቅልፍ አጥታችሁ ሳለ ከሆነ ይከፋል።

ስለዚህ አንድ ማታ ሻይ አፍልታችሁ ተቀመጡ። እያንዳንዳችሁ «ይህ ከሌለ ገና አይመስለኝም» የምትሉትን ሁለት ነገር ብቻ ንገሩ። ሁለት ብቻ። አንዷ ድፎ ዳቦና ቄጤማ ትላለች፣ አንዱ ቅዳሴና ዶሮ ወጥ ይላል። አራቱን ያዙ፣ ሌላውን ለሚመጣው ዓመት ተዉት። አንዳችሁ ኦርቶዶክስ አንዳችሁ ፕሮቴስታንት ከሆናችሁ ሌሊቱን የት እንደምታሳልፉም እዚያው ተስማሙ። ቤተሰብ መሀል ከመግባቱ በፊት እናንተ ጨርሱት።

ሥራውንም አሁኑኑ ተከፋፈሉ። ሚስት ምድጃ ላይ ቆማ ባል ሶፋ ላይ የሚከበር በዓል በእኔ እምነት ገና ከጅምሩ ተበላሽቷል። ሽንኩርት መክተፍም፣ ዶሮ ማጠብም፣ ዳቦ ማቡካትም ባል ይችላል። ካልቻለ ዘንድሮ ይልመድ።

3. ጾሙን አብራችሁ ያዙ

የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል፣ ኖቬምበር 24 ማለት ነው። ታንክስጊቪንግ ብዙ ጊዜ እዚያው ጾሙ ውስጥ ይወድቃል። የመሥሪያ ቤቱ የዲሴምበር ግብዣ ሁሉ ደግሞ ያለ ጥርጥር በጾም ነው። ከምትጾሙ፣ ግብዣው ላይ ምን እንደምትበሉ ቀድማችሁ አስቡ፤ ወይ በልታችሁ ሂዱ ወይ የጾም ምግብ ይዛችሁ ሂዱ።

ለአዲስ ተጋቢ የጾም ወቅት ጥሩ ጊዜ ነው ባይ ነኝ። ወጪ ይቀንሳል። ምግቡ ቀላል ነው። እሁድ ማታ ምስር፣ ጎመንና ሽሮ ሠርታችሁ በዕቃ በዕቃ ከፋፍላችሁ ብታስቀምጡ እስከ ሐሙስ ድረስ ይወስዳችኋል። ፈረቃችሁ የማይገጥም ከሆነ ቢያንስ በሳምንት አንዴ አብራችሁ ለመብላት ቀን ቁረጡ።

አንዳችሁ ገና አዲስ ገቢ ከሆናችሁና የሥራ ፈቃድ እየጠበቃችሁ ከሆነ ይህ ወቅት ይከብዳል። ከተማው በመብራት ያብረቀርቃል፣ በአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል አመሻሹ ላይ ጨልሟል፣ ቤት ውስጥ ብቻ መዋል አለ። አስቀድሞ የመጣው ሰው ይህን ልብ ይበል። «ቤት ምን ሠራህ?» ብሎ መጠየቅ ሳይሆን፣ ከሥራ መልስ ይዞ ወጣ ማለት ነው የሚሻለው። የገናው ዕቅድ ግማሹ በዚያ ሰው እጅ ቢሆን ደግሞ ቀኑም ይሞላለታል።

4. ለቤተሰብ የሚላከውን ተስማሙና ቀድማችሁ ላኩ

ስለ ገንዘብ ግልጽ እንሁን። ሁለታችሁም ቤተሰብ አላችሁ፣ ሁለቱም ቤት የበዓል ብር ይጠብቃል፣ የሠርጉ ዕዳ ደግሞ ገና አላለቀም ይሆናል። ጠቅላላውን መጀመሪያ ወስኑ፤ ከዚያ ነው የሚከፋፈለው። እኩል መሆን የለበትም። አንዱ ቤት ጡረተኛ እናት ብቻቸውን ካሉና ሌላው ቤት የሚሠሩ ልጆች ካሉ ፍትሕ የሚሆነው እንደየችግሩ መስጠት ነው። ግን ሁለታችሁም መጠኑን እወቁት። ተደብቆ የተላከ ብር በኋላ ከብሩ በላይ ያስከፍላል።

ዘንድሮ ያነሰ ከሆነ ያንን ለእናቱ እሱ ይንገር፣ ለእናቷ እሷ ትንገር። ምራት «ዘንድሮ አልተመቸንም» ብላ ለአማት መናገር የለባትም።

ጊዜው ወሳኝ ነው። በጉም፣ ዶሮውም፣ ቅቤውም በዓሉ ሲቃረብ ይወደዳል። እዚህ ደግሞ ዲሴምበር 25ና ጃንዋሪ 1 ባንክ ዝግ ስለሆነ ዝውውሩ ሊዘገይ ይችላል። ከታኅሣሥ 10 እስከ 15 ባለው ጊዜ ላኩ፣ ከዲሴምበር 19 እስከ 24 መሆኑ ነው። ያን ጊዜ ከደረሳቸው ረጋ ብለው ይገዛሉ።

5. ግዢውን ከፋፍሉት

የበዓል ዕቃ በአንድ ቀን አይገዛም። እንጀራውንና ዶሮውን ከሀበሻ ሱቅ ሳምንት ቀድማችሁ እዘዙ፤ ዋዜማው ላይ ሄዳችሁ «አልቋል» ብትባሉ የሱቁ ጥፋት አይደለም። ዶሮው ላይ ምርጫ አለ። ሱፐርማርኬት ያለው ለስላሳ ዶሮ ቶሎ ይበስላል፣ ግን ወጡ ውስጥ ይፈራርሳል። «ሀርድ ቺክን» የሚባለው ጠንካራው ዶሮ ጊዜ ይፈጃል፣ ጣዕሙ ግን የአገር ቤቱን ይቀርባል። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ለሁለት ሰውና ለጥቂት እንግዳ አንድ ዶሮ ይበቃል።

በርበሬ፣ ቅቤ፣ መከለሻና ኮረሪማ ከአገር ቤት የመጣ ካላችሁ ለዚህ ቀን አስቀምጡት። ለድፎ ዳቦ ኮባ አታገኙም፤ የእስያ ወይም የላቲን ሱቅ ማቀዝቀዣ ውስጥ የሙዝ ቅጠል አለ፣ እሱ ይሆናል። ቤቱን በመብራት ማሳመር ከፈለጋችሁ እስከ ዲሴምበር 26 ጠብቁ። ዛፉም መብራቱም ያን ቀን በግማሽ ዋጋ ይሸጣል፣ የእናንተ በዓል ደግሞ ገና አልደረሰም። ጎረቤቶቻችሁ ዛፋቸውን አውጥተው መንገድ ዳር ሲጥሉ የእናንተ መስኮት ሲበራ ልጆች ቆመው ያዩታል።

6. ቁሌቱን ቀድማችሁ ሥሩ

ሥራ ያላቸው ሰዎች ዶሮ ወጥን በአንድ ማታ ጀምረው መጨረስ የለባቸውም። ከበዓሉ በፊት ባለው ቅዳሜ ወይም እሁድ ቁሌቱን ሠርታችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስገቡት። በዘይት ሥሩት፣ ቅቤውን ለበዓሉ ዋዜማ ተዉት። ሁለት ጥቅም አለው። አንደኛ፣ ቅቤ ስለሌለው በጾም ላይ ብትሆኑም ጨውንና በርበሬውን መቅመስ ትችላላችሁ። ሁለተኛ፣ ዋዜማው ላይ የሚቀረው ሥራ ትንሽ ይሆናል። ቅቤ ከመጀመሪያው ካልገባ ወጥ አይሆንም የሚሉ እናቶች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ለመጀመሪያ ዓመት ግን ይህ ይሻላል።

ከመጀመራችሁ በፊት አፓርትመንቱን አዘጋጁ። የመኝታ ቤቱን በር ዝጉ። ካፖርትና የሥራ ልብስ ከሳሎን አውጡ። መስኮት ክፈቱ፣ የምድጃውን ማራገቢያ አብሩ። የሽንኩርት ሽታ ሹራብ ላይ ከገባ ሳምንት አይለቅም።

ለአንድ ዶሮ ከሁለት ኪሎ ተኩል እስከ ሦስት ኪሎ ቀይ ሽንኩርት ያስፈልጋል። ብዙ መስሏችሁ አትቀንሱ፤ የወጡ ውፍረት ከሽንኩርቱ ነው። በማሽን አድቅቁት፣ ግን ጭማቂ እስኪሆን አትፍጩት። ሰፊ ድስት ውስጥ ያለ ዘይት በመካከለኛ እሳት አስቀምጡትና አማስሉ። የእዚህ ሽንኩርት ትልልቅና ውሃ የበዛበት ስለሆነ ከአገር ቤቱ ይልቅ ለመድረቅ ይዘገያል። አንድ ሰዓት፣ አንድ ሰዓት ተኩል ሊወስድ ይችላል። ውሃው ጨርሶ ሲጠፋ ድምፁ ይቀየራል፤ መንጨቅጨቁ ይቆምና ከድስቱ ሥር መያዝ ይጀምራል፣ መልኩም ወደ ቡናማ ይሄዳል። ዘይቱን ያን ጊዜ ጨምሩ። ትንሽ ካቁላላችሁት በኋላ በርበሬውን፣ ወደ አንድ ተኩል ኩባያ፣ ጨምራችሁ ሙቅ ውሃ ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ ቢያንስ ለሌላ 45 ደቂቃ አብስሉት። ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርቱ በመሀል ይገባል። በርበሬው ጥሬ ጥሬ መሽተቱን ሲተው፣ ዘይቱም ከላይ ሲንሳፈፍ ደርሷል። አቀዝቅዙና ወደ ፍሪዘር።

እየተቀያየራችሁ አማስሉ። ሁለት ሰዓት አንድ ምድጃ ጥግ አብሮ መቆም ለአዲስ ተጋቢ ጥሩ ነው፤ ሶፋ ላይ የማይነሳ ወሬ እዚያ ይነሳል።

7. ዋዜማው

ጃንዋሪ 6 ከሰዓት በኋላ ዶሮውን በየብልቱ ከፋፍላችሁ፣ ቆዳውን ገፋችሁ በሎሚና በጨው ደጋግማችሁ እጠቡት። ቁሌቱን አሙቁ፣ ቅቤውን ጨምሩ፣ የዶሮውን ውሃ አጠንፍፋችሁ አስገቡ። ጠንካራው ዶሮ አንድ ሰዓት ተኩልም ሁለት ሰዓትም ይፈልጋል። እንቁላሉን ለየብቻ ቀቅላችሁ ላጡ፣ በሰው ልክ ቁጠሩት። መከለሻው መጨረሻ ላይ። ቅቤ ከገባ በኋላ መቅመስ የለም፤ ጨውን ቀድማችሁ ስላስተካከላችሁ ግን አትሰጉም።

ዳቦውንም ያን ቀን ነው የምትጋግሩት። ለአንድ ኪሎ ዱቄት አንድ ከረጢት እርሾ፣ ጨው፣ ጥቁር አዝሙድና ትንሽ ድምብላል አድርጋችሁ ለስለስ አድርጋችሁ አቡኩት። እጥፍ ሲሆን የሙዝ ቅጠል በተነጠፈበት ድስት ገልብጡት፣ ከላይም በቅጠሉ ሸፍኑት፣ 350 ፋራናይት ላይ ከ50 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት።

ወደ ቤተ ክርስቲያን ስትሄዱ ከነጭ ልብሳችሁ ሥር የሚያሞቅ ልበሱ። ጫማ ስለምታወልቁ ወፍራም ካልሲ አትርሱ። መኪና ማቆሚያ ስለሚሞላ ቀደም ብላችሁ ውጡ። አገልግሎቱ እስከ ሌሊት ስለሚሄድ ከሰዓት በኋላ አንድ ሁለት ሰዓት ብትተኙ ይጠቅማል። ከመውጣታችሁ በፊት ምድጃው መጥፋቱን ሁለታችሁም እዩ።

8. ስልኩን በሰዓቱ

በዚህ ወቅት አዲስ አበባ ከዲሲ 8 ሰዓት ይቀድማል። ከዳላስና ከሚኒያፖሊስ 9፣ ከዴንቨር 10፣ ከሎስ አንጀለስና ከሲያትል 11። ጀርመንና ጣሊያን ያላችሁ ልዩነታችሁ 2 ሰዓት ብቻ ስለሆነ ይቀላችኋል፤ እስራኤል 1 ሰዓት ነው።

እንግዲህ አገር ቤት ቅዳሴ ወጥተው ሲፈስኩ እናንተ ገና ለዋዜማው እየለበሳችሁ ነው። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለሱ እዚያ ረፋድ 4 ሰዓት ነው። ያኔ አጭር ስልክ ለሁለቱም እናቶች፦ «እንኳን ለብርሃነ ልደቱ አደረሰዎት»፣ ድምፅ መስማት ብቻ። ረጅሙን የቪዲዮ ስልክ ለጠዋት አቆዩት። የእናንተ ጠዋት 2 ሰዓት የእነሱ ከሰዓት 10 ሰዓት ነው፤ ቡና ተፈልቶ ሁሉም ተሰብስቦ የሚገኝበት ሰዓት።

ሁለቱን ቤተሰብ በአንድ ጊዜ አትደውሉ። ለእያንዳንዱ ቤት የራሱን ጊዜ ስጡ። መጀመሪያ ላይ ስልኩን ምራቷ ለአማቷ፣ አማቹ ለሚስቱ አባት ይያዙ፤ የራሳቸውን ልጅ ድምፅ ለምደውታል፣ የእናንተን አክብሮት ነው ማየት የሚፈልጉት። መብራት ሊጠፋ፣ ኔትወርክም ሊጨናነቅ ስለሚችል እዚያ ያለ ወንድም ወይም እህት ስልኩን ቻርጅ አድርጎ እንዲጠብቅ ቀድማችሁ ንገሩ። ቪዲዮው እምቢ ካለ በቀጥታ ስልክ ደውሉ።

ዳቦውን ሳትቆርሱ ቆዩ። ስልኩን ከኩባያ አስደግፋችሁ ዳቦው እንዲታያቸው አድርጉና «አባባ፣ ይመርቁን» በሉ። ቆማችሁ፣ እጃችሁን ዘርግታችሁ፣ «አሜን» እያላችሁ ተቀበሉ። ቢረዝምም አታቋርጡ። ከዚያ እያዩዋችሁ ቁረሱት።

9. ከስልኩ በኋላ ያለው ሰዓት

ከባዱ ይኼ ነው። ስልኩ ሲዘጋ ቤቱ ጸጥ ይላል። አንዳችሁ ልታለቅሱ ትችላላችሁ፣ ሁለታችሁም ልታለቅሱ ትችላላችሁ። የሚያለቅሰውን «ምን ሆንሽ፣ እኔ አለሁ አይደል?» አትበሉ። ናፍቆቱ በእናንተ ላይ የቀረበ ቅሬታ አይደለም። ዝም ብላችሁ አጠገቡ ተቀመጡ።

እንግዳው የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ለምሳ ሰዓት ሰው ጥሩ። ብቻውን የሚኖር ተማሪ፣ ሌሊቱን ታክሲ ሲነዳ ያደረ ልጅ፣ ልጆቻቸው ሥራ የዋሉባቸው ጎረቤት እናት። ታላላቅ ሰው ከተገኘ ደግሞ ቤቱ ውስጥ መራቂ ተገኘ ማለት ነው። ብዙ ሰው አትጥሩ፤ ወንበራችሁ የሚበቃውን ያህል።

ቡናውን አፍሉ፣ ግን ከሰል ቤት ውስጥ አታቀጣጥሉ። መስኮት ቢከፈትም አታቀጣጥሉ። የከሰል ጭስ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለበት፤ ሽታ የለውም፣ ሳይታወቅ ይገድላል። ለዕጣኑ የኤሌክትሪክ ማጨሻ ይሸጣል። የጭስ ማስጠንቀቂያውንም ባትሪ አታውጡ፣ በላስቲክም አትሸፍኑት። ቡናውን ማራገቢያው ሥር ቁሉ፣ መስኮት ክፈቱ፣ ይበቃል።

10. ማግስቱን

የተረፈውን ወጥ በትንንሽ ዕቃ ከፋፍላችሁ ፍሪዘር ውስጥ ክተቱ፤ እንቁላሉን ግን አውጥታችሁ ብሉት፣ ሲቀዘቅዝ እንደ ላስቲክ ይሆናል። ስንት ሽንኩርት፣ ስንት በርበሬ እንደገባ፣ ምን እንዳነሰ ስልካችሁ ላይ ጻፉ።

ከዚያ ወዲያው ለጥምቀት ኦፍ ጠይቁ። ጥር 11 ነው፣ ብዙውን ጊዜ ጃንዋሪ 19፤ በዘመነ ዮሐንስ ግን ጃንዋሪ 20 ይውላል። ከተራው የዋዜማው ቀን ስለሆነ ያንን ቀን በጾም ትውላላችሁ፤ ፍሪዘር ውስጥ ያለው ዶሮ ወጥ ለማግስቱ ይደርሳል።